አልጋነሽ የሸፈነቻቸው አስቴሮች

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ወርክሾፑ ውስጥ ኬክ ቆረሱልኝ። ልደቴ አይደለም፣ የማንም ሰርግ አይደለም፤ ነገሩ ሸተተኝ። «ይርጋ፣ ና ሻማውን አጥፋ» ሲሉኝ ዓይኔ የሄደው ወደ ኬኩ ሳይሆን ወደ በሩ ነው። ልጄ ሩት «አባ፣ ሰው ሲወድህ እንኳ ፖሊስ የመጣብህ ይመስልሃል» ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ ተጠራጣሪ ነኝ። ግን ከእናቱ ሆድ ተጠራጣሪ ሆኖ የሚወጣ የለም። የኔ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ሥራዬ ጭንብል መሥራት ነበር። ወርክሾፑ ያለው ካልጋሪ፣ ኦግደን ሰፈር፣ ባቡሮች ከሚያድሩበት ግቢ አጠገብ ነው። ባቡር በተንቀሳቀሰ ቁጥር መደርደሪያው ላይ ያሉት ፊቶች ሁሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ መጀመሪያ ሰሞን በኔ ላይ የሚስማሙ ይመስለኝ ነበር። የቲያትርም የሃሎዊንም እንሠራለን፣ ዋናው እንጀራችን ግን ፑሪም ነው። ፑሪም የአይሁድ በዓል ነው። መጽሐፈ አስቴር ይነበባል፣ አይሁድን ሊያስፈጅ የተነሳው የሐማ ስም በተጠራ ቁጥር ልጆች ይጮኻሉ፣ ወለሉን ይደበድባሉ፣ ትልቁም ትንሹም ጭንብል አጥልቆ ይጨፍራል። አሁን ሰው ፕላስቲኩን ኦንላይን አዝዞ በር ላይ ይቀበላል። ስለዚህ ወርክሾፑም ሊዘጋ ነው፣ እኔም ወጣሁ።

እኔ ራሴ አይሁዳዊ ነኝ፤ የጎንደር ቤተ እስራኤል። ፑሪምን ግን እዚህ እስክመጣ አላውቀውም ነበር። እኛ ዘንድ የነበረው የአስቴር ጾም ነው። እናቴ ስትጾም አይቻለሁ፤ ሲጨፈር ግን አላየሁም። ጾሙን ይዘን ድግሱን ሳናውቅ ነው የኖርነው። አባቴ ብረት ይቀጠቅጥ ነበር፣ እናቴ ደግሞ ድስትና እንስራ ትሠራለች። ጎረቤት በጠዋት መጥቶ ማረሻውን ያስሾላል፣ ድስቱን ገዝቶ ይሄዳል፤ ማታ ልጁን ትኩሳት ከያዘው «የነሱ ዓይን ነው» ይላል። ቡዳ ማለቱ ነው። እናቴ ሕፃን የታቀፈች ሴት ከሩቅ ካየች እጄን ጨብጣ «ዓይንህን ስበር» ትለኝ ነበር። መሬት መሬቱን እያየሁ ነው ያደግኩት። ዛሬ ድረስ ሱፐርስቶር ውስጥ ሕፃን የተቀመጠበት ጋሪ ሲመጣ ቀና ብዬ አላይም፣ የቲማቲም ዋጋ አነባለሁ።

በሱዳን በኩል ወጣሁ፣ እስራኤል ካርቶን ፋብሪካ ብዙ ዓመት ሠራሁ፣ ሩት ካናዳ ስትመጣ ተከትያት መጣሁ። እዚህ መጀመሪያ የመኪና ማቆሚያ ጥበቃ ተቀጠርኩ። ለኔ ዓይነቱ ሰው የተፈጠረ ሥራ ነው፤ መጠርጠሩን ለራሴም እሠራዋለሁ፣ እነሱ ደሞዝ ጨመሩበት። ሺፍቱ የሌሊት ስለነበር ጤናዬ ሲታወክ ሩት ምኩራብ ከምታውቃት አንዲት አሮጊት ጋር አገናኘችኝ።

አሮጊቷ ዶራ ትባላለች፤ የወርክሾፑ ባለቤት። ትከሻዋ ጎበጥ ያለ፣ ጣቶቿ ሁልጊዜ ሙጫ የነካቸው ሴት ናት። በእንግሊዝኛ ነው የምታወራው፣ እኔ ባማርኛ ላስቀምጠው። ምን ሠርተህ ታውቃለህ አላለችኝም። ጋዜጣ ሰጠችኝና «ቅደድ» አለችኝ። መቀስ አንስቼ ስቆርጥ ከእጄ ቀማችኝ። «ቅደድ ነው ያልኩት።» ለካስ በመቀስ የተቆረጠ ወረቀት ጠርዙ ቀጥ ብሎ ጭንብሉ ላይ መስመር ያወጣል፤ በእጅ የተቀደደ ግን ጠርዙ ስስ ስለሚሆን ከሌላው ጋር ገጥሞ ይጠፋል። ቀደድኩ። አይታ ሌላ ጋዜጣ ጨመረችልኝ። ቤት ገብቼ ሩት «ምን አለችህ?» ስትለኝ «ለምኩራቡ ሰው ጥቁር አይሁዳዊ ቀጠርኩ ብላ ልታሳየኝ ነው» አልኳት። «አባ፣ ኮም ኦን!» አለችኝ።

የዶራን አመል ልንገራችሁ፣ የተማርኩት ከአመሏ ነው። ደረቀ የተባለ ጭንብል ታነሳና በጥፍሯ ግንባሩን ታንኳኳለች። ከደረቀ «ቋ» ይላል፤ ውስጡ እርጥብ ከሆነ ዱብ ብሎ ይቀራል። ካልተማመነች ወደ ላይኛው ከንፈሯ ታስጠጋዋለች። እርጥበት ያለው ነገር ከንፈር ላይ ይቀዘቅዛል፤ ጣት የማያውቀውን ከንፈር ያውቃል ትል ነበር። ደግሞ አንድም ጭንብል ራሷ ሳታጠልቅ ከወርክሾፑ አይወጣም። አጥልቃው ሻይዋን በስትሮ ትጠጣለች። ሻይ ጨርሳ ትንፋሽ ካላጠራት ያልፋል። ፖስተኛው አንድ ቀን የንጉሥ አርጤክስስን ፊት እንዳጠለቀች ፓኬት አስፈርሟት ሄዷል።

አንደኛውን ዓመት ሙሉ ሐማን ብቻ ነው የሰጠችኝ። መርዶክዮስ ለሌላ ሰው፣ አስቴር ለሷ፣ ለኔ ሐማ። ክፉውን ለጥቁሩ አልኩ በልቤ። አንድ ቀን አላስቻለኝም፣ ጠየቅኳት። «ሐማ ከባዱ ነው» አለችኝ። «አስፈሪ ካደረግከው ልጁ ያለቅሳል። ቆንጆ ካደረግከው ልጁ ይወደዋል። ልጁ ሊስቅበት ነው የሚገባው። ይህን አንተ ትችላለህ፣ ሌሎቹ አልቻሉም።» ደስ አለኝ። ቤት ስደርስ ግን ይህንንም አሰብኩበት፤ ሰው ከባድ ሥራ ሊጭንብህ ሲፈልግም እንዲሁ ነው የሚያሞካሽህ።

ይኸው እንዲህ ስንል ዓመታት አለፉ። የዶራ ዓይን ሲደክም አስቴርን የሚቀባ ሰው ፈለገች። የመጣችው አልጋነሽ ናት። ከቴምፕል ሰፈር በአውቶቡስ የምትመጣ፣ ሃምሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ ነጠላዋን ከዊንተር ጃኬቷ ላይ የምትደርብ የጎንደር ሴት። አባቷ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር፣ እጇን ከሱ ነው የወረሰችው። አማርኛ ስሰማ ልቤ ዘለለ፤ ወዲያው ደግሞ ቆም አለ።

«ጋሼ፣ የት ሀገር ነዎት?» አለችኝ።

«ጎንደር።»

«ውይ የኔ ጌታ! ጎንደር የት?»

ይህን ጥያቄ አውቀዋለሁ፣ ወዴት እንደሚሄድም አውቃለሁ። ሰፈሬን ነገርኳት።

«አባትዎ ምን ይሠሩ ነበር?»

«ብረት ይቀጠቅጥ ነበር።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ምኑን እንደሰጠኋት እንጃ። ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ወደ ጠረጴዛዋ ዞረች።

በማግስቱ ጭንብሎቿ ሁሉ ፊታቸው ወደ ግድግዳ ዞሯል። ምሳዋን ስትበላ ጀርባዋን ትሰጠኛለች። ጋዋኗን ሰቅላ በሄደችበት ሳልፍ ጤና አዳም ሸተተኝ፤ ከኪሷ ነው። ጤና አዳም ለቡና ይሆናል፣ ለሆድ ቁርጠትም ይሆናል። ግን ቡዳ እንዳይበላም እንደሚያዝ የጎንደር ልጅ አይጠፋውም። ለሩት ደወልኩላት። «አባ፣ ሜይቢ ጀስት ሽታውን ትወደዋለች» አለችኝ። ሩት እስራኤል ነው የተወለደችው፤ ዓይንሽን ስበሪ ብሏት የሚያውቅ የለም።

አልጋነሽ የቀባችውን ሐማ ያየሁ ቀን ደግሞ ይብሱን ተናደድኩ። የፊቱን ግማሽ በጥቁር ቀብታ አንድ ዓይን ብቻ አውጥታለታለች፤ ሌላኛው ቀዳዳ ጥቁሩ ውስጥ ጠፍቷል። «ምነው አንድ ዓይን?» አልኳት። «አባቴ እንዲህ ነው ያስተማረኝ» አለችኝ። «ጻድቅ ወደ ሰው ዞሮ በሁለት ዓይኑ ያያል። ክፉ ሰው በጎኑ ይሣላል፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል።» እውነቷን ነው፣ በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲያ ነው የሚሣለው ሲባል ሰምቻለሁ። ግን ዓይን የሚለውን ቃል ስትል እኔን እያየች አልነበረም፤ ሆን ብላ ዓይኗን ከኔ ታሸሽ ነበር። ልዩነቱን እኔ አውቀዋለሁ።

እና ያ ፑሪም መጣ። የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ቲያትር ሊሠሩ ነው፣ ሴቶቹ ልጆች ሁሉ አስቴር ካልሆንን ብለዋል። ስለዚህ አንድ ክፍል ሙሉ አስቴር ታዘዘ። አልጋነሽ ሠራቻቸው፤ እንዴት ያማሩ መሰላችሁ! ቅንድባቸው እንደ ቤተ ክርስቲያን መላእክት፣ ዓይናቸው ትልልቅ። ግን ከፎርማው ሳታወጣቸው በየቀኑ ወደ ቤት ስትሄድ በጥቁር የቆሻሻ ፕላስቲክ ጥቅልል አድርጋ ትሸፍናቸዋለች። ፎርማ የምንለው ወረቀቱ የሚለጠፍበትን የጀሶ ፊት ነው። ጠዋትም የምትሠራበትን ብቻ ትከፍታለች፤ እኔ በዚያ በኩል ካለፍኩ ዘወር ብላ ትጋርደዋለች።

«አልጋነሽ» አልኳት አንድ ቀን፣ «ይታፈናል፣ አየር ይንካው።»

«አይ ጋሼ፣ አቧራ እንዳይነካው ብዬ ነው።»

አቧራ! በወርክሾፑ ታሪክ አቧራ ፈርቶ ጭንብል የሸፈነ የለም። እጄን ዘርግቼ ያን ፕላስቲክ ልገልጠው ፈልጌ ነበር። አልነካሁትም። ነክቼው አንዱ አፍንጫ ቢጣመም ማን ነካው ይባላል? ስሜን አውቃለሁ። በዚህ ወርክሾፕ ውስጥ ስሜ ይርጋ ብቻ ነበር፤ እናቴን ያሳደዳት ስም ካልጋሪ አልገባም ነበር። የምጠብቀው እሱን ነው። ደሞዝም ሹመትም አይደለም፣ ያ ስም ከዚያ በር እንዳይገባ ነው።

ሁሉንም ቀብታ ከጨረሰች ወዲያ ለቀናት እንደተሸፈኑ ቆዩ። በዓሉ በማግስቱ ማታ ሊገባ፣ ጠዋት ለማስረከብ ፕላስቲኩን ገለጠችው። እኔ ጠረጴዛዬ ጋ ነበርኩ። መጀመሪያ ሽታው መጣ፣ የከረመ ቡሆ ዓይነት። ቀጥሎ ጩኸቷ።

«በስመ አብ!»

አስቴሮቹ ሁሉ ሻግተዋል። ጉንጫቸው ላይ ግራጫ ጸጉር አብቅሏል፣ አፍንጫቸው ሟሙቶ ወርዷል፣ ቫርኒሹ እንደ ቃጠሎ ቁስል ተነፍቷል። ፎርማዎቹም ውኃ ጠጥተው ጫፋቸው በእጅ ይፈረፈራል። ካልጋሪ ዳቦ እንኳ ሳይሻግት የሚደርቅበት ከተማ ነው! አልጋነሽ አንዷን አስቴር ይዛ ቀስ ብላ ዞረች። በመጣች በዓመት ከመንፈቋ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን ቀጥ አድርጋ አየችኝ።

«ጋሼ፣ ምን አደረግኩዎት?»

ይህን ብቻ ነው ያለችው። በእንግሊዝኛ ቢተረጎም ምንም የለበትም። ለኔ ግን «ለምን በዓይንዎ በሉብኝ?» ማለቷ ነው። ስሙ ገባ። ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ በረዶውን ጥሶ፣ ኦግደን ድረስ ገባ።

ዶራ ከዘራዋን ይዛ መጣች። «ምን አለችህ?»

«ምን አደረግኩህ ነው የምትለኝ።»

«ምን አድርጋሃለች?»

ዶራ መደርደሪያዬ ላይ ሳይሸፈን ካደረው አንዱን ሐማ አንስታ በጥፍሯ መታችው፤ ቋ አለ። ከአስቴሮቹ አንዷን ወደ ከንፈሯ አስጠጋች፣ ከዚያ ሳትናገር አልጋነሽ ከንፈር ላይ አስነካቻት። «ቀዘቀዘሽ?» አልጋነሽ ራሷን ነቀነቀች። «ውኃው ከውስጡ አልወጣም። ማነው የሸፈነው?»

«እኔ ነኝ» አለች አልጋነሽ በእንግሊዝኛ። «አቧራ እንዳይነካው።»

ነገሩ እዚህ ሊያልቅ ይችል ነበር። ጥፋቱ የፕላስቲኩ ነው፣ እኔ ነጻ ነኝ። ግን ስንት ዘመን ልሸከመው?

«አቧራ አይደለም» አልኩ። «እኔን ፈርታ ነው።» እና ለዶራ ሁሉንም ነገርኳት። ማረሻውን፣ ድስቱን፣ ትኩሳቱን፣ ጤና አዳሙን። እንግሊዝኛዬ ሲያልቅ በዕብራይስጥ፣ ዕብራይስጡ ሲያልቅ ባማርኛ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ እኔ እንዲያ አላልኩም» አለች አልጋነሽ።

«አላልሽም። ሸፈንሽ።»

ዶራ ትጮህልኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ታባርራታለች ብዬ ጠበቅኩ። አሮጊቷ ሁለታችንንም አየችን፣ ከዚያ «ጀሶውን በጥብጥ» አለችኝ። «ነገ ማታ በዓል ነው። ፎርማ የለንም። አስቴር የሴት ፊት ትፈልጋለች፣ የኔ ደግሞ ተጨማዷል።» በከዘራዋ አልጋነሽን አመለከተቻት። «አንቺ ተኚ። አንተ ሥራ።»

ለምን ራሷ አልሠራችውም? እስካሁን እጠይቃለሁ። እጄ ይንቀጠቀጣል አለች፤ ግን በዚያው እጇ ሻይዋን ሳታፈስ ስትጠጣ ነበር።

አልጋነሽ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ተኛች። ከመተኛቷ በፊት እጇን ጋዋኗ ኪስ ከታ የሆነ ነገር ጨበጠች። አየሁ፣ እንዳላየ ሆንኩ። ቫዝሊን ቀባኋት፣ ጸጉሯን በነጠላዋ ሸፈንኩ። «ዓይንሽን ጨፍኚ» አልኳት። ጨፈነች። የተሰበረ እግር የሚታሰርበትን ዓይነት የጀሶ ፋሻ እየነከርኩ ከግንባሯ ጀመርኩ። እንዲህ ያለ ሥራ ዓይን ሰብሮ አይሠራም። እያንዳንዱን መስመር፣ የቅንድቧን ጫፍ፣ የአፍንጫዋን ቀዳዳ ማየት አለብኝ፣ አለበለዚያ ትታፈናለች። በሕይወቴ የሰው ፊት እንደዚያ ቀን አይቼ አላውቅም። ከጆሮዋ ሥር ንቅሳት አላት፣ ከጊዜ ብዛት የደበዘዘ። እናቴም እንደዚያ ያለ ነበራት። ጨብጣ የያዘችው እጇ ጣቶቿ እስኪነጡ ድረስ ተቆልፏል።

ጀሶው ሲሞቅ ትንፋሿ ረጋ አለ። ዶራ ጎንበስ ብላ አዳመጠችና «ተኝታለች» አለችኝ። እጇ ተከፈተ፣ የጤና አዳም ቅጠል ወለሉ ላይ ወደቀ። እውነት ተኝታ ነበር ወይስ አስመስላ? አላውቅም። አንስቼ እጇ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላት።

ከዚያች ፎርማ ስስ ስስ አስቴር እየሠራን እርጥቡን እያላቀቅን ሽቦ ላይ ሰቀልን። ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ተነስቶ ስለነበር የጭነት በሩን ከፈትነው። በማግስቱ የአስቴር ጾም ነው። አልጋነሽ ከሰዓት ምሳ ዕቃዋን ከፍታ፣ ጀርባዋን ሳትሰጠኝ፣ «ጋሼ፣ ሽሮ ነው፣ የጾም ነው፣ ይቅመሱ» አለችኝ።

«ጾም ነኝ።»

ፊቷ ወረደ፤ ቂም ይዤ መሰላት። «የምን ጾም?»

«የአስቴር። እናንተ ሁዳዴ ላይ ናችሁ፣ እኛም ዛሬ እንጾማለን።»

«እንዲህ አፋችን ደርቆ ነው እንዴ የንግሥት ፊት የምንቀባው?» አለችና ሳቀች። ምሳ ዕቃዋን ከደነችው። እሷም ሳትበላ ዋለች።

ያደረስነው ግማሹን ብቻ ነው። ግማሾቹ ልጆች በወረቀት ዘውድ አስቴር ሆኑ፤ አንዷ ስታለቅስ በሩ ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። ትምህርት ቤቱ ከዚያ ወዲህ አላዘዘንም። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት የለም። ዶራ ነገሩን ዳግም አላነሳችውም። በዓሉ ካለፈ በኋላ ግን ስገባ የኔና የአልጋነሽ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተገጥሞ አገኘሁት። እስከ ጡረታዬ እንደዚያው ሠራን። ይቅርታ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። ጤና አዳሙ ከኪሷ መቼ እንደጠፋ አላውቅም፤ በየጠዋቱ ግን አሸትት ነበር።

ወደ ኬኩ ልመለስ። ሻማውን አጥፍቼ ስጨርስ አልጋነሽ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ሰጠችኝ። «ጋሼ፣ ቤት ሲደርሱ ይክፈቱት።» እዚህ የማይከፈት ምን ይሆን? ሰፈሬ ፓይንሪጅ እስክደርስ አላስቻለኝም፣ አውቶቡስ ውስጥ ቀደድኩት።

የኔ ፊት ነው። ቀለሙን ከማየቴ በፊት ገልብጬ ጀርባውን ፈተሽኩ፤ ቅጠል የተለጠፈበት እንደሆነ ብዬ አሸተትኩት። ሙጫ ብቻ ነው የሚሸተው። ወደ ከንፈሬ አስጠጋሁት፣ ደርቋል። ከዚያ አዙሬ አየሁት። እኔ ለሷ ፎርማ ተኝቼ አላውቅም። ያን ሁሉ ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጣ አይታኝ ነው የሠራችው። የግራ ቅንድቤ ላይ ያለችውን የብረት ፍንጣሪ ጠባሳ እንኳ አልረሳችም። ወደ ሰው የዞረ ፊት ነው፤ ዓይኖቹ ሁለት ናቸው፣ ትልልቅ፣ የተከፈቱ። እንባዬ መጣ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ሕፃን ታቅፋ ነበር፣ ሕፃኑም ጭንብሉንና እኔን እያፈራረቀ ያያል። ቀና ብዬ አየሁት፤ ሳቀልኝ።

መግቢያው ላይ፣ ከበሩ ትይዩ ሰቀልኩት። ሩት መጥታ አየችውና «አባ፣ ሶ ቢዩቲፉል! አቧራ ያበላሸዋል ግን፣ ግላስ ፍሬም ውስጥ ላድርገው?» አለችኝ።

«ተይው» አልኳት። «አቧራ ይንካው።»